ቀለም መጨረሻ ላይ ነው፦ ቤት ለሽያጭ ስለማዘጋጀት ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በተባባልነው መሠረት ዛሬ ቤት ለሽያጭ ስለማዘጋጀት የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ ፊኒሺንግ ነው። ልስን፣ ቀለም፣ ሴራሚክ፣ የጣራ ጥገና። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሊሸጥ ሲል ሰው የሚደውልልኝ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ከመነሻው ልናገር። ውኃው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ ቀለም አትግዙ። ስትጠይቁ ቤቱ የት እንዳለ፣ ከምን እንደተሠራና ስንት ዓመት እንደሆነው ጻፉ። "ቤቴ ስንት ያወጣል?" አትበሉኝ፤ አልመልስም።

ከሰሚት፦ ጋሼ እንደምን ዋሉ። ባለ 175 ካሬ ጂ ፕላስ ዋን ነው፤ ብሎኬት፤ ከተሠራ 12 ዓመቱ። ታች ሳሎን ግድግዳው ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ እየተላጠ ይረግፋል። በየዓመቱ ለፋሲካ እናስቀባዋለን፣ ክረምት ሲያልፍ ያው ነው። አሁን ለመሸጥ አስበናል። ባለቤቴ "እስከ ወገብ ዘይት ቀለም እናስመታውና ይዘጋ" ይላል። ያዋጣል?

መላሽ፦ አያዋጣም እህቴ፣ እንዳታስመቱት። ይህ ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ነው። መሠረቱ ላይ እርጥበት የሚያግድ ነገር ሳይደረግ ብሎኬቱ ከተደረደረ፣ ግድግዳው ውኃውን ከአፈሩ እየሳበ ወደ ላይ ያወጣዋል። ውኃው ሲተን ይዞት የመጣውን ጨው ልስኑ ላይ ይተወዋል። እጅሽ ላይ የሚቀረው ነጭ ዱቄት እሱ ነው። ቀለሙን ከኋላ እየገፋ የሚጥለውም እሱ ነው። ዘይት ቀለም ስታስመቱት ውኃው መውጫ ያጣል እንጂ አይቆምም። መውጫ ፍለጋ ከቀለሙ በላይ ይወጣል። ዘንድሮ ጉልበት ላይ የነበረው ከርሞ ወገብ ላይ ይሆናል።

መጀመሪያ በፌስታል ፈትሺው። አንድ ክንድ የሚያህል ንጹሕ ፌስታል ቆርጠሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊ። አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግጥም አድርገሽ ዝጊ። ሁለት ሦስት ቀን አትንኪው። ከዚያ ጠብታው በየት በኩል እንዳለ እዪ። ከፌስታሉ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ውኃው ከግድግዳው ነው የሚመጣው። ከላይ፣ በክፍሉ በኩል ከሆነ ግን ከቤቱ አየር ነው። መስኮት አይከፈትም፣ ወይም እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ ይሰጣል ማለት ነው። ሁለቱ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

ከግድግዳው ከሆነ ወደ ውጭ ውጪና የግቢውን ከፍታ ከሳሎኑ ወለል ጋር አስተያዪ። ብዙ ሰፈር መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ብሏል፣ ከዚያ ባለቤቱም ግቢውን ሞልቶ ሊሾ ያደርጋል። እንዲህ ሲሆን ወለሉ ከውጭው በታች ይቀራል። ግድግዳው ሥር ያለውን ሙሌት አስነሺ። የአሸንዳው ውኃ ግድግዳ ሥር እንዳይወርድ ቱቦ አስቀጥለሽ አርቂው። ሊሾው ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ። ይህን ሳታደርጊ ውስጡን አትንኪ።

ከዚያ ውስጥ። የተበላሸውን ልስን እርጥበቱ ከደረሰበት በላይ አንድ ክንድ ያህል ጨምረሽ አስነቅይ። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጊ፤ በውኃ ካጠብሽው ተመልሶ ይገባል። ክፍት አድርገሽ ተዪው፣ በደንብ ይድረቅ። በሲሚንቶና በታጠበ አሸዋ ይለሰን። እርጥብ ግድግዳ ላይ ጂብሰም አይሆንም፤ ውኃ ሲያገኘው ይላሽቃል። ቀለሙ መጨረሻ ነው፤ እሱም በውኃ የሚበጠበጥ፣ ግድግዳው እንዲተነፍስ የሚተው ይሁን።

ሰሚት ስላልሽ አንድ ልጨምር። እናንተ ጋ መሬቱ በብዛት ጥቁር አፈር ነው። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም ይዞት ይነሣል ይወርዳል። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ ጫፎቹ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊና ቀኑን ጻፊበት። ምልክቱን እያለፈ የሚሄድ ከሆነ እኔን ሳይሆን የስትራክቸር መሐንዲስ ጥሪ። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ልስኑ ላይ ብቻ ያለ ከሆነ ግን አያስጨንቅሽ።

ስሙን ያልጻፈ፦ ሰላም፣ ቤቴን መሸጥ እፈልጋለሁ፣ ምን ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የት ነው? ከምንድን ነው የተሠራው? ስንት ዓመቱ ነው? መግቢያው ላይ ጽፌዋለሁ።

ከጀሞ፦ ኮንደሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ። የታችኛዋ ጎረቤቴ "ከአንቺ ባኞ ቤት ውኃ ይወርዳል" ትለኛለች። በእኔ በኩል ምንም አይታይም። ሴራሚኩን አዲስ ባስደርግ ይሻላል ወይስ እንዲሁ ላሳይ? ደግሞ ያለው የባንክ ዕዳ ችግር ይሆናል?

መላሽ፦ አንቺ ጋ አይታይም፤ ውኃው የሚሄደው ወደ ታች ነዋ። ሴራሚክ ውኃ አያግድም፣ መገናኛው ያሳልፋል። የሚያግደው ሥሩ ያለው ሽፋን ነው። መጀመሪያ የቱ ነው የሚያፈሰው የሚለውን ለዪ። ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዝጊና ቆጣሪውን እዪ። ማንም ሳይጠቀም ከዞረ ግፊት ያለው መስመር ነው የተበሳው። ካልዞረ የወለሉን መውረጃ በጨርቅ ድፈኝ፣ ሁለት ጣት ያህል ውኃ ወለሉ ላይ አቁሚ፣ ጎረቤትሽ ኮርኒሷን ትይ። ከወረደ ወለሉ ነው። ካልወረደ መውረጃውን ክፈቺው፤ ያኔ ከወረደ የፍሳሽ ቱቦው ነው።

ወለሉ ከሆነ ሴራሚኩ ይነሣል፣ ውኃ መከላከያ ይቀባል ወይም ሜምብሬን (ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ) ይነጠፋል፣ ግድግዳውም ላይ አንድ ስንዝር ይወጣል። ከዚያ ውኃ አቁመሽ አንድ ቀን ሙሉ ሳትፈትኚ ሴራሚክ አታስተክዪ። ባለሙያው "አያስፈልግም" ካለሽ ባለሙያ ቀይሪ።

ጎረቤትሽን ደግሞ ዛሬውኑ አነጋግሪያት። ገዢ ቤት ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ደረጃ ላይ ያገኘውን ጎረቤት ነው። የባንኩን ጉዳይ ባንኩን ጠይቂ።

አንድ አባል፦ ኮንደሚኒየም እኮ አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ ክልክል ነው። ሞልቶሻል?

ከጀሞ፦ ካለፈ ቆየ፣ ሞልቷል።

ሌላ አባል (ደላላ ነኝ)፦ ጋሼ ያሉትን አከብራለሁ። ግን ገበያው ሌላ ነው። ገዢ ገብቶ በአምስት ደቂቃ ነው የሚወስነው። ቤቱ ይጽዳ፣ ይቀባ፣ አምፖሉ ሁሉ ይብራ፣ ቡና ይፈላ፣ ዕጣን ይጨስ። እኔ ይህን አስደርጌ ነው የማሸጠው።

አንዲት አባል፦ ዕጣኑ ይቅር። እኛ ስንገዛ ያየነው ቤት ሁሉ ዕጣን ይጨስበት ነበር። ለምን እንደሆነ የገባን በኋላ ነው፤ የእርጥበቱን ሽታ ለመደበቅ ኖሯል።

ደላላው፦ ዕጣን ባህላችን ነው፤ ሁሉም ሰው ደብቆ ነው ማለት አይቻልም።

አንዲት አባል፦ እሱ ልክ ነው። ግን ቤት ሊያይ የመጣ ሰው በአፍንጫውም ነው የሚያየው። ለምን ትሸፍንበታለህ?

ደላላው፦ ባለቤቱም ገዢ ሲመጣ ዞር ቢል ጥሩ ነው። ሻጭ አጠገብ ሲቆም ገዢው አፉን አይከፍትም።

ሌላ አባል፦ እኔ ደግሞ ባለቤቱ የሌለበትን ቤት አላምንም። ስለ ውኃው፣ ስለ ጎረቤቱ ማን ይነግረኛል?

መላሽ፦ ወደ ጉዳያችን። ማጽዳቱና አምፖሉ ትክክል ነው፤ በእሱ አልከራከርም። ቡና ለእንግዳ ይፈላ፣ ደስ ይላል። ዕጣን ግን የእርጥበት ሽታ አይሸፍንም፣ ይቀላቀለዋል። ገዢው የተደበቀ ነገር አለ ብሎ ቁምሳጥን መግፋት ይጀምራል። ሰው ከመምጣቱ በፊት ያለውን ሳምንት በሙሉ ጠዋት ጠዋት መስኮት ክፈቱ። ሽታው ካልሄደ ምንጭ አለው። ፈልጉት።

ከገርጂ፦ የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ክብ ነገር ወጥቷል። ሁለት ጊዜ ነጭ ቀለም አስመታሁት፣ ተመልሶ ይመጣል። የተሻለ የሚሸፍን ቀለም አለ?

መላሽ፦ ከላይ ያለውን አንብብ። ቡናማው ክብ የውኃ ምልክት ነው። ውኃውን ሳታስቆም ቀለም አትቀባ።

ጣራህ ቆርቆሮ ከሆነ እንዲህ አድርግ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ግባ። መብራት አጥፋና ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ቁጭ በል። ቀዳዳው ሁሉ እንደ ኮከብ ይታይሃል። ብዙውን ጊዜ ሚስማሩ ሥር ነው፤ ጎማው ደርቆ ተሰንጥቋል ወይም ሚስማሩ ተነሥቷል። በየቀዳዳው ሥር ያለውን እንጨት በጠመኔ ምልክት አድርግበት። ከዚያ ከላይ ሆኖ ሚስማሩን በአዲስ ባለ ጎማ የሚቀይር ሰው አስወጣ። ውኃ እንጨቱን ይዞ ራቅ ብሎ ስለሚንጠባጠብ ቀዳዳው በትክክል ከክቡ በላይ ላይሆን ይችላል። አሸንዳውንም ጥረግ። ቅጠል ሲደፍነው ውኃው ወደ ኋላ ይመለስና በግድግዳው አናት ይገባል። ይህን ሁሉ ሠርተህ አንድ ጥሩ ዝናብ ካለፈበት በኋላ ነው ኮርኒሱ የሚቀባው።

ከሜሪላንድ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኮልፌ የወላጆቻችን ቤት አለ፤ የጭቃ ግድግዳ፣ በቆርቆሮ የተከደነ፣ ከደርግ በፊት የተሠራ። አባታችን ካረፉ ሦስት ዓመት ሆነ፣ እናታችን አሉ። አራት ልጆች ነን፣ ሁለታችን ውጭ ነን። እዚያ ያለው ወንድማችን "ግድግዳውን በሲሚንቶ አስመርገን፣ ቀለም ቀብተን እንሽጥ፣ ውክልና ላኩ" ይላል። ምን ይመክሩናል?

መላሽ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሲሚንቶውን ተዉት። በጭቃ ላይ ሲሚንቶ አይያዝም፣ በዓመቱ እንደ ቅርፊት ይነሣል። እስኪነሣም እርጥበቱን ውስጥ ያፍናል፣ ማገሩና ቋሚው ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይገባል። የጭቃ ቤት በጭቃ ነው የሚጠገነው። በደንብ የተቦካ፣ ጭድ የገባበት፣ ቢያንስ ሳምንት የከረመ ጭቃ። ስንጥቁ በእሱ ይሞላል፣ ላዩ በስሱ ይለቀለቃል፣ ሲደርቅ በኖራ ይቀባል። ወንድማችሁ ቋሚዎቹን ከመሬት ጋር በሚገናኙበት ቦታ በካቻቢቴ ይውጋ። ካቻቢቴው ሳይታገል ከገባ እንጨቱ አልቋል፤ ያን ለገዢ ንገሩት። ከዚያ በላይ ገንዘብ አታውጡ። እንዲህ ያለውን ቤት የሚገዛ ሰው በብዛት ለቦታው ብሎ ነው፣ አፍርሶ ይሠራል። ግቢውን አጽዱ፣ የአጥሩን ወሰን ግልጽ አድርጉ፣ ይበቃል።

የወረቀቱ ጉዳይ ግን ከጭቃው ይከብዳል። የሕግ ሰው ካለ ይርዳቸው።

አንድ አባል (ጠበቃ)፦ "ለቦታው ብሎ" የሚለው እርማት ያስፈልገዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም። የሚሸጠው ቤቱ ነው።

ደላላው፦ ወረቀቱ ላይ እንዲያ ነው። ገዢው ዋጋ የሚሰጠው ግን ለሰፈሩ ነው።

ጠበቃው፦ ውል ላይ ግን "ቦታ ሸጥኩ" ብሎ የጻፈ ሰው ውሉ ይፈርስበታል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

መላሽ፦ ሁለታችሁም ገብቷችኋል። የሜሪላንዷን ጥያቄ መልሱላት።

ጠበቃው፦ ይቅርታ። እህቴ፣ ካርታው በአባትሽ ስም ከሆነ መጀመሪያ ወራሾቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ታወጣላችሁ፣ ከዚያ የይዞታ ማረጋገጫው ወደ ስማችሁ ይዞራል። ቤቱ የጋራ ንብረት ከነበረ ግማሹ የእናታችሁ ነው፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ ምንም አይሆንም። ውክልናው "መሸጥ" የሚለውን በግልጽ ይጥቀስ፣ ቤቱንም ይለይ። አስተዳድርልኝ የሚል ጠቅላላ ውክልና ለሽያጭ አይበቃም። ኤምባሲው ያረጋግጠዋል፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቀጥሎም ሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) ከሆነ ደግሞ በአዋጅ 721/2004 መሠረት ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ገዢው በሊዝ ነው የሚይዘው። ገዢው ይህን ከውል በፊት ይወቀው፣ በኋላ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ለሌሎቻችሁም፦ ያገባ ሰው የጋራ የሆነውን ቤት ብቻውን አይሸጥም። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ያላገባ ደግሞ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ገዢ ካገኛችሁ በኋላ አትሩጡ፣ አስቀድማችሁ አውጡ።

ከሜሪላንድ፦ እግዜር ይስጥልን፣ ሁላችሁንም።

ከላፍቶ፦ ካርታዬ ላይ 200 ካሬ ነው የሚለው። ሰርቪስ ቤቱን ስንሠራ ከወሰኑ ትንሽ ወደ ኋላ ገፋን። ቀባብቼ ባሳየው ችግር አለው?

መላሽ፦ አለው። ገዢው ሜትር ይዞ ይመጣል። ክፍለ ከተማው መሬት አስተዳደር ሄደህ ጨርስ። እኔ ይህን በቀለም ላድንህ አልችልም።

ከአያት፦ ኩሽናውን በአዲስ ካቢኔት ብናሳምረው ዋጋው ይጨምራል?

መላሽ፦ አትንኩት። የገዢዋን ምርጫ አታውቁም። ማጠፊያው የወለቀውን አጥብቁ፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ቀይሩ።

ከቦሌ፦ ቀለሙ ምን ይሁን?

መላሽ፦ ነጭ ወይም ክሬም። ቀጥል።

ከአያት (ሌላ)፦ ሳሎን ውስጥ አንድ ስንጥቅ አለ። ቡፌው በደንብ ይሸፍነዋል። እዚያው ላቁመው ወይስ ላንሣው?

መላሽ፦ አንሣው። በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባውን ይዞ ነው የሚመጣው። ከዘመድ ተበድሮ፣ ከአረብ አገር የተላከ የእህቱን ገንዘብ ጨምሮ። ጉድለቱን አሳየው፣ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ። አንድ የማውቀው ሰው ስንጥቁን ከፍቶ፣ የመሐንዲስ ወረቀት አያይዞ ነው ያሳየው። ገዢው ትንሽ አስቀነሰና በዚያው ተስማሙ።

ጠበቃው፦ በሕግም ያው ነው። ሻጭ ጉድለቱን እያወቀ ከደበቀ በኋላ ይጠየቃል። "ባለበት ሁኔታ ሸጫለሁ" የሚል ሐረግ እያወቀ የደበቀን አያድነውም።

አንድ አባል፦ የሽያጭ ዋጋውን ውሉ ላይ ዝቅ አድርጎ ስለመጻፍስ?

መላሽ፦ ይህ እዚህ አይመከርም። የግብሩንም ጥያቄ ለገቢዎች አቅርቡ።

ከሽሮ ሜዳ፦ ለገዢ ለማሳየት የትኛው ወር ይሻላል?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ። አብዛኛው ሰው ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቆ በመስከረም ይቀባል፣ በጥቅምት ያሳያል። ችግሩ በመስከረም ግድግዳው ውኃ ጠጥቶ ነው ያለው። ላዩ ደረቅ ይመስላል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። በዚያ ላይ የተቀባ ቀለም ጥር ሳይደርስ ይነሣል፤ ገዢው ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ያየዋል። ሽሮ ሜዳ ደግሞ እንጦጦ ሥር ስለሆነ ከተራራው የሚወርደው ውኃ አለ። ከኋላ ያለው ግድግዳ አፈር ተደግፎት ከሆነ ከኋላው የውኃ መውረጃ ቦይ ያስፈልገዋል።

ጊዜ ካለህ በነሐሴ ዝናብ እየጣለ ቤቱን ዙር። ጣራውን፣ የመስኮቱን ጥግ፣ የግቢውን በር። ውኃ የሚቆምበትን ሁሉ በስልክህ ፎቶ አንሣ። ከኅዳር እስከ ጥር ጥገናውን ሥራ፤ አየሩ ደረቅ ነው፣ ልስን ይደርቃል። ከዚያ የበልጉ ዝናብ መጋቢት ሚያዝያ ላይ ይፈትንልሃል። ምንም ካልታየ ቀባና አሳይ። አስተዋይ ገዢ በክረምት ነው የሚመጣው፤ አንተ ከእሱ ቅደም።

ከኮተቤ፦ ተከራይ አለብኝ። እሱ እያለ ባሳይ?

ጠበቃው፦ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የውሉን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ዓመት አድርጎታል። "ነገ ልቀቅ" የሚባል ነገር የለም። ውልህን ይዘህ ወረዳ ሂድ፣ ተከራዩን አነጋግር፣ የተስማማችሁትን በጽሑፍ አድርጉ፣ ለገዢውም አሳየው።

መላሽ፦ ቤቱን የምታሳይበትን ቀን ለተከራዩ አስቀድመህ ንገረው። የሰው ቤት ነው።

ከሲኤምሲ፦ ጋሼ የመጨረሻ ይሁን። ግቢ ውስጥ ማታ ማታ የሽንት ቤት ሽታ አለ። ሴፕቲክ ታንኩን ባለፈው ዓመት አስመጥጠናል። ክዳኑን በሲሚንቶ ብናሽገው ይጠፋል?

መላሽ፦ አታሽጉት። ጋዙ ሌላ መንገድ ፈልጎ በባኞ ቤት በኩል ይገባባችኋል። መተንፈሻ ቱቦው አለ? ካለ ከጣራው በላይ ወጥቷል ወይስ መስኮት ሥር ነው የቆመው? ሽታው ማታ የሚበረታው ነፋሱ ስለሚቆም ነው፤ ቱቦው አጭር ከሆነ ግቢው ውስጥ ይተኛል። ከጣራው በላይ አስወጡት፣ አናቱ ላይ ወንፊት ይደረግበት። ከዚያ ክዳኑን እዩ። ጠርዙ ተሰብሮ ከሆነ ክዳኑ ይቀየር፣ ግን የሚከፈት ይሁን። ገዢው ያስከፍተዋል፤ ማስከፈትም አለበት። እነዚህን አድርጋችሁ ካልጠፋ የማስረጊያው ጉድጓድ ሞልቷል ማለት ነው፤ እናንተ ጋ ጥቁር አፈር ስለሆነ ውኃ አያሰርግም። ያኔ የፍሳሽ መስመር በሰፈሩ ካለፈ ለመቀጠል ማመልከት ነው። የታንኩን ፎቶ ላክልኝ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ በቀን ብርሃን።